«ተሠርተሽ የለም እንዴ?»

በአዲስ አበባ ለሕክምና ገንዘብ ማሰባሰብ የተለመደ ነው። አንድ ሰው ታመመ ሲባል የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ በየስልኩ ይዞራል፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ከደመወዛቸው ያዋጣሉ፤ እቁብተኛው ዕጣውን ይለቅለታል፤ ውጭ አገር ያለ ወንድም ትርፍ ሰዓት ይሠራል። ሕመምተኛው ይሄዳል፣ ይታከማል፣ ይመለሳል። ዘመድ አዝማድ ቦሌ ድረስ አበባ ይዞ ይቀበለዋል። «ተመስገን» ይባላል፣ ቡና ይፈላል፣ ጉዳዩም ይዘጋል።

በዚህ መልክ የማይዘጉ ሕክምናዎች ግን አሉ። አንዱ የአከርካሪ አጥንቶችን በብሎንና በዘንግ አያይዞ አንድ የሚያደርገው ቀዶ ሕክምና ነው። ቁስሉ ከዳነ፣ ጠባሳው ከደረቀ፣ ሰዉም ከረሳው ከስምንትና ከአሥር ዓመት በኋላ ወገብ እንደገና ሊያም ይችላል። ያን ጊዜ ሕመምተኛውን ከሕመሙ እኩል የሚከብድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ «ተሠርተህ የለም እንዴ?»፣ «ተሠርተሽ የለም እንዴ?»

ይህ ጥያቄ የደረሳት አንዲት የሒሳብ ባለሙያ አለች። በ2005 ዓ.ም. ለቀዶ ሕክምና ወደ ሕንድ ስትሄድ 34 ዓመቷ ነበር። ወገብ ላይ ካሉት አምስት አጥንቶች አራተኛው ከአምስተኛው ላይ ወደ ፊት ተንሸራቶ ነርቭ ይጫን ነበር። ከቢሮዋ እስከ ታክሲ ሰልፉ ድረስ ሁለት ጊዜ ሳትቀመጥ አትደርስም። ሐኪሞቹ ነርቩን የሚጫነውን አጥንት አነሡ፤ አራት ብሎንና ሁለት የታይታኒየም ዘንግ አስገቡ፤ ሁለቱ አጥንቶች እንዲያያዙ በመካከላቸው የአጥንት ፍርፋሪ አኖሩ። ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል። በሦስተኛው ወር ቢሮ ገባች፤ ቆየት ብላም ሁለተኛ ልጇን ወለደች። ሰባት ዓመት ያለ ምርኩዝ፣ ያለ ክኒን ሄደች።

በስምንተኛው ዓመት ሕመሙ ሌላ መንገድ ይዞ መጣ። ድሮ ከመቀመጫዋ ተነሥቶ በእግሯ ኋላ እስከ ጣቷ ይወርድ የነበረው አሁን በጭኗ ፊት ለፊት ወርዶ ጉልበቷ ላይ ይቆማል። ደረጃ ስትወርድ ጉልበቷ ይከዳታል። ቅዳሴ ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም እግሮቿ ይከብዳሉ፤ በመቋሚያ ላይ ወደ ፊት ደገፍ ስትል ይቀላታል። ይህ ለአከርካሪ ሐኪም ብዙ የሚናገር ምልክት ነው። የነርቭ መተላለፊያው ሲጠብ ቀጥ ብሎ መቆም ያጠበዋል፣ ማጎንበስ ያሰፋዋል።

እሷ ግን ሐኪም ዘንድ አልሄደችም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደበቀችው።

የደበቀችበት ምክንያት ገንዘብ ነው፤ ማንም ያልጠየቃት ገንዘብ። በ2005 ዓ.ም. ያዋጣላትን ሰው ሁሉ ስም ከነመጠኑ በአንድ ደብተር መዝግባ ነበር። የመዘገበችው ለማመስገን፣ ተራው ሲደርስም ለመመለስ ነው። ወንድሟ ከዋሽንግተን የላከው ከሁሉ ይበልጣል። የቢሮው ጥበቃ የሰጡት 50 ብርም አለበት። ሕመሙ ሲመለስ ያ ደብተር የዕዳ መዝገብ መሰላት። «አሞኛል» ማለት «ያዋጣችሁት ባከነ» ማለት ሆኖ ታያት። ወንድሟ እሑድ እሑድ ሲደውል «ወገብሽስ?» ይላታል። «ደህና ነው፣ ተመስገን» ትለዋለች። ስልኩን ስትዘጋ ዲክሎፌናኳን ትውጣለች።

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመች፣ ጠዋት በባዶ ሆዷ ክኒኑን እየዋጠች ሁለት ጾም አሳለፈች። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉት መድኃኒቶች የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውን ነገር ይቀንሳሉ፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። በሁለተኛው ዓመት ሐኪም ቤት ያስገባት ወገቧ ሳይሆን ጨጓራዋ ነበር። «ይህን ክኒን ለምን ትወስጃለሽ?» ሲሏት ነው ነገሩ የወጣው።

ከወጣ በኋላ ምክሩ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። አማቷ «ልጄ፣ ብረቱ ዝጎ ይሆን?» አሉ። ጎረቤቷ አንድ እጁ የተባረከ ወጌሻ እንደምታውቅ ነገረቻት። አንዱ ባልደረባዋ ሐኪሞቹ አጭበርብረዋት እንደሆነ ጠረጠረ። ባሏ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና ያንን ጥያቄ ጠየቀ፤ «ተሠርተሽ የለም እንዴ?» በክፋት አልነበረም። አንድ ጊዜ ከፍሎ የጨረሰው ነገር እንደገና ሲጠየቅ ግራ እንደገባው ሰው ነው የጠየቀው።

ብረቱ አልዛገም፤ ታይታኒየም ሰውነት ውስጥ እንደ ሚስማር አይዝግም። ሐኪሞቹም አላጭበረበሩም። የሆነው ሌላ ነው። በየሁለቱ የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ዲስክ አለ፤ ወገብ ሲታጠፍና ሲዞር እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ድርሻውን ይሠራል። ሁለት አጥንቶች አንድ ሲሆኑ የዚያ መገጣጠሚያ ሥራ ይቀራል፤ ሥራው ግን አይጠፋም። ከጥንድ በሬ አንዱ ሲለግም ቀንበሩ በሌላው ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ፣ ከላይና ከታች ያሉት ጎረቤቶች የቀረውን ይሸከማሉ። በዓመታት ውስጥ ዲስካቸው ይሳሳል፣ መገጣጠሚያቸው ያብጣል፣ የነርቭ መተላለፊያቸው ይጠባል። የእሷም የደከመው ከብረቱ በላይ ያለው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው አጥንት መካከል ያለው ነበር።

ይህ ብርቅ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመና ወገባቸው በዚህ መንገድ የተሠራ 215 ሕመምተኞችን የተከታተለ ጥናት፣ በጎረቤት አጥንት ችግር ምክንያት ዳግም ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው በአምስት ዓመት ውስጥ 16.5 በመቶ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ 36.1 በመቶ እንደሚደርሱ አስልቷል። ሌሎች ጥናቶች ያነሰ ቁጥር አግኝተዋል። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ የቀዶ ሕክምናው ውጤት፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከዕድሜ ጋር በራሱ የሚመጣ እንደሆነ ሐኪሞች እስካሁን ይከራከራሉ። ዞሮ ዞሮ ሕመሙ የተመለሰበት ሰው ብቻውን አይደለም፤ ያጠፋው ነገርም ላይኖር ይችላል።

ዓመታት ቆይተው የሚመጡ ሌሎች ችግሮችም አሉ። አጥንቱ ሳይያያዝ ሊቀር ይችላል። ብሎንና ዘንጉ አጥንቱ እስኪያያዝ ድረስ ደግፎ የሚይዝ እንጂ ለዘላለም ሸክም እንዲሸከም የተሠራ አይደለም። አጥንት ካልበቀለ፣ ደጋግሞ የታጠፈ ሽቦ እንደሚበጠስ ብረቱም አንድ ቀን ይላላል ወይም ይሰበራል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጥንቱ ሳይያያዝ የመቅረቱ ዕድል የሚጨምረውም ኒኮቲን የአጥንትን እድገት ስለሚያውክ ነው። አልፎ አልፎ በብረቱ ዙሪያ ኢንፌክሽን ከዓመታት በኋላ ብቅ ይላል። በነርቭ ዙሪያ የሚፈጠር ጠባሳም ራሱን የቻለ ሕመም ሊሆን ይችላል።

የዚህ ሕክምና ታሪክ ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ። በ1911 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ራስል ሂብስና ፍሬድ አልቢ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ የአከርካሪ አጥንትን አያይዞ አንድ የማድረግን ዘዴ ይዘው ቀረቡ። ያን ጊዜ ዋናው ምክንያት የአከርካሪ ቲቢ ነበር፤ ዛሬም በኢትዮጵያ የሕፃናትን ጀርባ የሚያጎብጥ ያው በሽታ። በኋላም በቴክሳስ ሂውስተን ከተማ ፖል ሃሪንግተን የተባለ ሐኪም በፖሊዮ ምክንያት ጀርባቸው የተጣመመ ልጆችን ለማቃናት የብረት ዘንግ ሠራ፤ ሥራውንም በ1962 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዘንጉ የብዙ ልጆችን ጀርባ አቃና። ከዓመታት በኋላ ግን ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ ጎልማሳ ሆነው ተመለሱ። ዘንጉ ጀርባቸውን ሲወጥር የወገባቸውን ተፈጥሯዊ ጉብጠት ደልድሎት ኖሮ ቀጥ ብለው መቆም አቃታቸው፤ ወደ ፊት ይዘማሉ፣ ጉልበታቸውን ካላጠፉ ቀና ማለት አይችሉም።

ዛሬ አከርካሪ የሚሠራ ሐኪም ሁሉ የወገብን ጉብጠት ለክቶ የሚጠብቀው እነዚያ ሰዎች ተመልሰው «አሞናል» ስላሉ ነው። አፍረው ቤታቸው ቢቀሩ ኖሮ ስሕተቱ ሳይታወቅ በሌሎች ላይ ይደገም ነበር። ሕመሙን የሚደብቅ ሕመምተኛ ያዋጡለትን ሰዎች ከሐዘን ያዳነ ይመስለዋል፤ ግን ራሱንም፣ ከእሱ በኋላ የሚታከመውንም ይጎዳል።

ለኢትዮጵያ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባ የኖሩት አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጋናዊው የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ ጋር በመተባበር፣ ጀርባቸው በቲቢና በሌላ ምክንያት የተጣመመ በርካታ ኢትዮጵያውያን ልጆችና ወጣቶች በጋና እንዲሠሩ አድርገዋል። ብዙዎቹ ያለዚያ መተንፈስ እንኳን ይቸግራቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ሥራ ይሠራሉ፣ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ጀሪካን ያነሣሉ። ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ ሄደው የተሠሩም፣ እዚሁ አገር ውስጥ የተሠሩም አሉ። በጀርባቸው ብረት ይዘው የሚያረጁ ሰዎች ቁጥር እየጨመረ ነው።

የሒሳብ ባለሙያዋ በመጨረሻ የአከርካሪ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «የቀዶ ሕክምናው ሪፖርት የታለ?» የሚል ነበር። አንድ ወፍራም ፖስታ ይዛ ነበር የሄደችው። ውስጡ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የሆቴል፣ የላቦራቶሪ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ ሁሉ በቀን ተራ ተደርድሯል፤ አንድም ሳንቲም አልጎደለም። ምን እንደተሠራላት የሚናገረው ወረቀት ግን የለም። ሐኪሙ የፈለገው የትኛው አጥንት እንደተያያዘ ብቻ አልነበረም፤ የብሎኑን ዓይነትና መጠን ጭምር እንጂ። የየፋብሪካው ብሎን የየራሱ መፍቻ ስላለው፣ አንድ ቀን መፍታት ቢያስፈልግ ያ መረጃ የግድ ይፈለጋል። በኢሜይል ጠይቃ፣ ሦስት ጊዜ ደግማ፣ በሁለት ወሩ ደረሳት። ወገቡን የተሠራ ሁሉ ይህን ወረቀት ከራጁ ጋር አስቀምጦ፣ ፎቶ አንሥቶ በስልኩ ቢይዝ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

«ብረት ስላለብኝ ኤምአርአይ አልነሣም» ብላም ፈርታ ነበር። ታይታኒየም በማግኔት የሚሳብ አይደለምና አብዛኛውን ጊዜ መነሣት ይቻላል፤ ባለሙያው አስቀድሞ እንዲያውቅ ብቻ መንገር ያስፈልጋል። በብረቱ ዙሪያ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ አጥንቱ መያያዙን ለማየት ሲቲ ስካን ተጨመረ። አጥንቱ በደንብ ተያይዟል። የሕንዱ ሥራ አሁንም ጸንቶ ቆሟል።

ከዚያ ውሳኔው መጣ። አንዱ ሐኪም ብረቱን አንድ አጥንት ወደ ላይ ማስረዘም ይሻላል አለ። ሌላው መጀመሪያ ስድስት ወር ፊዚዮቴራፒ ይሞከር አለ። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ጠባሳው ነርቩን ሸፍኖት ስለሚገኝ መንገዱ ይጠብባል፣ አደጋው ይጨምራል፣ የሚገኘውም እፎይታ እንደ መጀመሪያው ላይሆን ይችላል። አንድ አጥንት ወደ ላይ ሲያያዝ ደግሞ ተራው ለሚቀጥለው ጎረቤት ይደርሳል። በዚያ ላይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ውጭ አገር መታከም በብር ሲሰላ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኗል። ስድስቱን ወር መረጠች። ከሐኪሟ ጋርም አንድ ውል ያዘች፤ የጉልበቷ ድካም ከባሰ ሳትከራከር ትሠራለች።

ስድስቱ ወር ወደ ዓመታት ተሻግሯል። ሕመሙ አልጠፋም፤ ኑሮው ግን ተለውጧል። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነበር የምትኖረው፤ ሊፍት የለውም፣ ውኃ ሲጠፋ ከታች በጀሪካን ይወጣል። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ነው። ቤቷን አከራይታ ምድር ቤት ተከራየች። ይህ ውሳኔ ከየትኛውም ክኒን በላይ እንደረዳት ትናገራለች። ታክሲ ስትሳፈር ጋቢና ካልተገኘ ሌላ ትጠብቃለች፤ የኋላ ወንበር በየጉድጓዱ ያነጥራታልና። አናጢ ከፍ ያለ በርጩማ ሠራላት፤ ረከቦቱም ጠረጴዛ ላይ ወጣ። አማቷ መጀመሪያ «ቡና እንዲህ ይፈላል እንዴ?» ብለው አጉረመረሙ፤ አሁን ራሳቸውም ለጉልበታቸው ተስማምቷቸዋል። ከአልጋ ስትነሣ በጎኗ ዞራ፣ እግሯን አውርዳ፣ በክንዷ ተደግፋ ነው። በየቀኑ 30 ደቂቃ ትራመዳለች፤ የሆድና የመቀመጫ ጡንቻን የሚያጠነክሩ አራት እንቅስቃሴዎች ትሠራለች፤ ወገብ የማይችለውን ጡንቻ ይሸከማልና።

ጉልበቷን እንደ በጀት ነው የምትይዘው። ቅዳሜ እንጀራ ከጋገረች እሑድ ልብስ አታጥብም። ለቅሶ ቤት ብዙ ከተቀመጠች ማግስቱን ታቀላለች። በደህና ቀን ሁሉን ልጨርስ ማለት ሦስት ቀን እንደሚያስተኛ ደጋግሞ ነግሯታል፤ አሁን ከበጀት በላይ አታወጣም። የንስሐ አባቷ «ልጄ፣ ስግደቱ ይቅርብሽ፤ ለታመመ ሰው አልታዘዘም» ብለዋታል። የጾሙንም ነገር ተነጋግረው መድኃኒቷን በምግብ ትወስዳለች። ለነርቭ ሕመም የታዘዘላትን መድኃኒት በራሷ አትጨምርም፣ በራሷም አታቋርጥም። ወጌሻውን በትሕትና እምቢ ብላለች። ወጌሻ ለወለምታ ያለው ሙያ ሌላ ነው፤ በብረት የተያዘና መተላለፊያው የጠበበ አከርካሪ በኃይል ሲታሽና ሲጠመዘዝ ግን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ መካከል በማናቸውም በጀት የማይያዝ አንድ ነገር አለ። በሁለት እግሮች መካከልና በመቀመጫ አካባቢ ድንገት መደንዘዝ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ሳያውቁት ማምለጥ፣ እግር በፍጥነት መድከም፣ ወይም በብረቱ አካባቢ ከሕመም ጋር የሚመጣ ትኩሳት ከታየ፣ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም። በዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ነው። ሰዓታት ሲዘገዩ የማይመለስ ጉዳት ሊደርስ ይችላል።

ለወንድሟ የነገረችው ሁሉንም ከጨረሰች በኋላ ነው። ሁለት ዓመት እንደዋሸችው፣ ለምን እንደዋሸችውም ነገረችው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «ሰባት ዓመት ሄድሽበት አይደለም እንዴ?» አላት። «ልጅሽን ወለድሽበት። እኔ የሰጠሁሽ ለዚያ ነው፤ ዋስትና ያለው ፍሪጅ መሰለሽ እንዴ የገዛሁልሽ?» ስልኩ ላይ ሳቀች፤ አለቀሰችም። በማግስቱ ደብተሩን አውጥታ አየችው። ስሞቹ ያው ናቸው። ከዝርዝሩ መጨረሻ፣ የዚያን ጊዜ ድምር ከሰፈረበት በታች፣ ሰባቱን ዓመታት አንድ በአንድ ጻፈቻቸው።

የሚያዋጣ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው። የሚሰጠው ገንዘብ የሚገዛው ዓመታትን ነው፤ አንዳንዴ ሰባት፣ አንዳንዴ ሠላሳ። ስለዚህ ለቀዶ ሕክምና ሲሰበሰብ ለክትትሉ፣ ለራጁና ለፊዚዮቴራፒው ጥቂት ፈንጠር ተደርጎ ቢቀመጥ ብልህነት ነው። ምንም የማያወጣ እርዳታም አለ። ወገቡን የተሠራ ዘመድ ወይም ባልደረባ ያለው ሰው፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ቢሆን፣ «ተሠርተሽ የለም እንዴ?» የሚለውን ትቶ «ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?» ቢል፣ ያኛው «ደህና ነኝ» ብሎ መዋሸት አያስፈልገውም። ጀሪካኑንም እግረ መንገዱን ቢያነሣላት አይከፋም።